ኤሌክትሪክ ወይስ ቤንዚን? ጎንደር ላይ መኪና ለሚገዛ ሰው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቪትዝ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ከተሻገርኩ ወዲህ ፒያሳም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ጎሚስታ ጋም የሚጠየቁኝ እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ እሄዳለሁ።

100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ በኤሌክትሪክ ስንት፣ በቤንዚን ስንት ብር ይወጣል?

መጀመሪያ የምይዛቸውን ቁጥሮች ልንገራችሁ። ዋጋ ሲቀየር የራሳችሁን ታስገባላችሁ። ቤንዚን በሊትር 120 ብር፣ መብራት በኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪያችሁ የሚቆጥርበት መለኪያ ነው) 6 ብር እንበል። ቪትዝን የመሰለ ትንሽ መኪና በእኛ ዳገትና በእኛ መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ወደ 7 ሊትር ይጠጣል። 840 ብር ነው። ትንሽ ኤሌክትሪክ መኪና ለዚያው መንገድ ወደ 15 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ከሶኬቱ ባትሪው እስኪደርስ የሚባክን ስላለ ቆጣሪያችሁ ላይ 17 ያህል ይቆጥራል። 102 ብር መሆኑ ነው።

መብራት 10 ብር ቢገባ እንኳ 170 ብር ነው። ቤንዚን ከማደያ ሲጠፋና መንገድ ዳር በሃይላንድ ሲሸጥ ደግሞ ዋጋውን የሚተምነው ሻጩ ነው፤ ያን ጊዜ ልዩነቱን ማስላት ትርጉም የለውም።

ግን መብራትም ባለበት አይቆምም። ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ያለፈው በ2017 ዓ.ም ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የመብራት ታሪፍም በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ አራት ዓመት እንዲዘልቅ ሆኖ ተጀመረ። በዚያ ላይ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደረጃ አለው። ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይወጣል። መኪና ሲጨመር የቤታችሁ ፍጆታ ወደ ላይኛው ደረጃ መግባቱ አይቀርም። ስለዚህ ስታሰሉ የድሮ ደረሰኛችሁን ሳይሆን የላይኛውን ደረጃ ዋጋ ያዙ።

አንዴ ከሞላሁ ከተማ ውስጥ ስንት ቀን እነዳለሁ?

ሻጩ የሚነግራችሁን ኪሎ ሜትር አትቀበሉት። ከቻይና የሚመጡት መኪኖች ላይ የሚጻፈው ርቀት በቻይና የሙከራ ስልት የተለካ ነው። እሱ ደግሞ ለጋስ ነው። እኔ 70 በመቶውን ነው የምይዘው። ለምሳሌ ቢዋይዲ ሲጋል በሁለት ባትሪ ይመጣል። በ30 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ 305፣ በ39 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ 405 ኪሎ ሜትር ተብሎ ይጻፍበታል። ትልቁን 280 ብላችሁ ብታስቡት አትቆጩም።

ከአዘዞ ፒያሳ ደርሶ መልስ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመሀል ልጆች ማድረስ፣ ማራኪ ጎራ ማለት፣ ገበያ መሄድ አለ፤ 35 እንበለው። ሳምንቱን ሙሉ ያስኬዳል ማለት ነው። የጥምቀት ሰሞን ወደ ፋሲል መዋኛ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ሰዓት ሙሉ ብትቆሙ እንኳ የሚያሳስብ ነገር የለም። የቆመ ኤሌክትሪክ መኪና የሚበላው ለሬዲዮውና ለመብራቱ ያህል ነው።

ቤት ባለው ሶኬት መሙላት ይቻላል?

ይቻላል። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ብዙውን ጊዜ 10 አምፔር ይስባል፤ በ220 ቮልት 2.2 ኪሎዋት ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ሰክታችሁ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ብትነቅሉ 100 ኪሎ ሜትር ያህል አገኛችሁ። ለከተማ ሰው ከበቂ በላይ ነው።

“የቤቴ መስመር ይችለዋል ወይ?” ለሚለው እኔ በምጣድ ነው የማስረዳው። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ስለዚህ ምጣድ የቻለ መስመር ቻርጀሩንም ይችላል፤ ልዩነቱ ጊዜው ላይ ነው። ምጣዱ ቢበዛ አንድ ሁለት ሰዓት ይሠራል። መኪናው ስምንት ሰዓት ሳያቋርጥ ይስባል። የላላ ሶኬት፣ የቀጠነ ሽቦ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ቅጥያ ካለ በዚያ ስምንት ሰዓት ውስጥ ይግላል፣ ይቀልጣል። ኤክስቴንሽን ጨርሶ አይሆንም። ከቆጣሪው በቀጥታ የወጣ ወፍራም መስመር፣ የራሱ ብሬከር ያለው፣ አስዘርጉ። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ደግሞ መኪናው ይንቀል።

አንድ ብዙዎችን ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ቻርጀሩ ይሰካል፣ ቀይ ያበራል፣ አይሞላም። “ቻርጀሩ ተበላሽቷል” ተብሎ ሌላ የገዛ ሰው አውቃለሁ። ችግሩ የመሬት ሽቦው ነው፣ ኤሌክትሪሻኖች ኧርዝ የሚሉት። የድሮ ቤቶች ብዙዎቹ የላቸውም። ቢኖራቸውም ግድግዳው ውስጥ ተቆርጦ የቀረ ነው። ቻርጀሩ መሬት ካላገኘ ለደኅንነታችሁ ሲል አልሞላም ይላል። መፍትሔው ዘንግ መሬት ውስጥ ቀብሮ በአግባቡ ማሠር ነው። አንዳንድ ባለሙያ ግን የመሬት ሽቦውን ቦታ ከኒውትራሉ፣ ከመብራቱ መመለሻ ሽቦ፣ ጋር ያገናኝና “ይኸው ሠራ” ይላችኋል። አትቀበሉ። መስመር የተገለበጠ ዕለት የመኪናው አካል ራሱ ሊነዝር ይችላል።

ተከራይ ነኝ። አከራዬ እሺ ይሉኛል?

የገንዘቡን ነገር መጀመሪያ አንሱላቸው። የአከራዮች ፍርሃት ቆጣሪው ነው። “መኪናው መብራቴን ጨረሰው” የሚለው ንግግር ከመጣ ወዲህ መስማማት ከባድ ነው። ለመኪናው መስመር ብቻ የምትቆጥር ትንሽ ቆጣሪ አስገቡና በወሩ መጨረሻ ቁጥሩን አብራችሁ አንብቡ። በወር 750 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 127 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይጠቀማል። አከራያችሁ ይህን ቁጥር በዓይናቸው ሲያዩ ይረጋጋሉ።

ግቢ የሌለው፣ መኪናውን መንገድ ዳር ወይም ጥበቃ ያለበት ቦታ የሚያሳድር ሰው ግን ቢቆየው ይሻለዋል። ኤሌክትሪክ መኪና ርካሽ የሚሆነው ተኝታችሁ ሲሞላ ነው። በየቀኑ ቻርጅ ፍለጋ የምትዞሩ ከሆነ የነዳጅ ሰልፉን በሌላ ሰልፍ ለወጣችሁት። ንግድ የሆነ የቻርጅ ቦታም ከቤት ታሪፍ በላይ ነው የሚያስከፍለው።

መብራት ሲጠፋስ?

ያልጠየቀኝ ሰው የለም። መልሱ መብራቱ ለስንት ሰዓት ጠፋ የሚለው ላይ ነው። ለማታ፣ ለአንድ ቀን ቢጠፋ አይሰማችሁም፤ ባትሪው የሳምንት ስንቅ ይዟል። ሦስት አራት ቀን ሲሆን ነው ነገሩ የሚጠብቀው። እኔ ከ40 በመቶ በታች አውርጄ አላሳድርም። ጎንደር ላይ ይህን ልማድ መያዝ ያዋጣል። ቤንዚን ቢሆንም ብልህ ሰው ታንከሩን ባዶ አድርጎ አያድርም።

በጄኔሬተር መሙላት ይቻላል ወይ ለሚለው፣ ይቻላል፤ ግን ሒሳቡን እዩት። ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ከአንድ ሊትር 2 እስከ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያወጣል። 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ የሚያስፈልገውን 17 ኪሎዋት ሰዓት ለማግኘት 7 ሊትር ገደማ አቃጠላችሁ። ቪትዙ የሚጠጣው ያንኑ ነው! ጫጫታው ትርፍ። ለጭንቅ ቀን ካልሆነ አይመከርም፤ የመሬት ሽቦ የሌለው ጄኔሬተር ከሆነ ደግሞ ቻርጀሩም እሺ አይልም።

የጎንደርን ዳገት ይችለዋል? ጎሃ ይወጣል?

ይህን የሚጠይቁኝ ያልነዱት ናቸው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። እኛ ጋ ሲደርስ ወደ 20 በመቶ ያህሉን አጥቷል ማለት ነው። አምስት ሰው ጭኖ ጎሃ ሲወጣ በአንደኛ ማርሽ የሚያቃስተው ወድዶ አይደለም። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። ከፍታው አይሰማውም። ከቆመበት ተነሥቶ ዳገት ሲወጣ ፍሪሲዮን የለ፣ ወደ ኋላ መንሸራተት የለ።

ዳገቱ ግን በነፃ አይወጣም። 1,600 ኪሎ የሚመዝን መኪና 100 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያወጣል። ስትወርዱ ከፊሉን ይመልስላችኋል። እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ስታነሱ (አሁንም ነዳጅ መስጫ ነው የምንለው) ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪውን ይሞላል፣ መኪናውንም ይይዛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቤታችሁ ከፍታ ላይ ከሆነና ሌሊት 100 ፐርሰንት ሞልታችሁ ጠዋት ቁልቁል ብትነሡ፣ ባትሪው ስለሞላ የሚመለሰውን ኃይል መቀበል አይችልም። ያን ጊዜ መኪናው እንደለመዳችሁት አይያዝም፤ ሥራው ሁሉ ወደ እግር ፍሬን ይሄዳል። መጀመሪያ ቀን የገጠመኝ ጊዜ ፍሬኑ ተበላሸ ብዬ ደንግጬ ነበር። ቁልቁለት ላይ የምትኖሩ 90 ፐርሰንት ላይ አቁሙት።

ሰርቪስ ወጪው በእርግጥ ያን ያህል ይቀንሳል?

ይቀንሳል። የሞተር ዘይት የለም። የዘይት ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ የሚባል ነገር የለም። የፍሬን ሸራም ዕድሜው ይረዝማል፤ አብዛኛውን የማቆም ሥራ ሞተሩ ስለሚሠራው። የሚቀሩት ጎማ፣ የፍሬን ዘይት፣ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ የአየር ፊልትሮና ከሥር ያሉት ዕቃዎች ናቸው። ጎማው ላይ ተዘጋጁ። መኪናው በባትሪው ክብደትና በመነሻ ጉልበቱ ምክንያት ጎማ ይበላል፤ ኮብልስቶኑ ደግሞ ያግዘዋል።

የሚያስቀው 12 ቮልቷ ባትሪ ነች። ኤሌክትሪክ መኪናም እንደማንኛውም መኪና ትንሽ ባትሪ አለው፤ በር የሚከፍተው፣ ኮምፒውተሩን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። አንድ እሁድ ጠዋት ደብረ ብርሃን ሥላሴ አስቀድሼ ስወጣ መኪናዬ በሯን አልከፍትም አለች። ትልቁ ባትሪ 70 ፐርሰንት አለው፤ ትንሿ ሞታለች። በሩን ሪሞቱ ውስጥ ባለችው የብረት ቁልፍ ከፈትን። ከዚያ የማስነሻ ገመድ ተፈልጎ፣ ኮፋኖ ተከፍቶ፣ የአንዱ ምዕመን ቪትዝ አስነሣችልኝ። የቪትዝ ባለቤቶች እስከ ዛሬ ያወሩብኛል።

ከባዱ ነገር ባለሙያ ነው። ቦዲ፣ ቀለም፣ ጎማ፣ ፍሬን ማንም የጎንደር ጋራዥ ይሠራዋል። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸውን ወፍራም ገመዶች ግን የሠለጠነ ሰው ካልሆነ አያስነኩ። ብዙ መቶ ቮልት ነው የሚያልፍባቸው። የቪትዝ ዕቃ በየሱቁ አለ፤ የኤሌክትሪኩ መብራት ወይም መስታወት ቢሰበር ከአዲስ አበባ፣ አንዳንዴም ከቻይና ነው የሚጠበቀው። መኪናው ወር ሲቆም የታክሲ ወጪውን ማን ቆጠረው?

ክረምት ላይ፣ ጎርፍና ኮብልስቶን ላይ እንዴት ነው?

ዝናቡ ችግር አይደለም። ባትሪው የታሸገ ነው፤ በዝናብ መንዳትም መሙላትም ይቻላል። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ግን ከጣሪያ ሥር ይሁን። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መንገዱን የሞላ ጎርፍ ስታዩ አትግቡ፤ ይህ ለቤንዚኑም ያው ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሆዱ ነው። የባትሪው ሳጥን የተነጠፈው ወለሉ ሥር ነው። ብዙዎቹ ትንንሽ መኪኖች ለከተማ አስፋልት የተሠሩ፣ ዝቅ ያሉ ናቸው። የወጣ የኮብልስቶን ድንጋይ ወይም ክፍት ቦይ የቪትዝን ማርሚታ ቢመታ በብየዳ ያልቃል። ባትሪውን ቢመታ ግን የመኪናው ዋጋ ላይ ነው የመታው። ከመግዛታችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ እዩት፤ መከላከያ ብረት ካለው ጥሩ ነው። የግቢያችሁ መግቢያ ገደላማ ከሆነ አስቀድማችሁ ፈትኑት።

ባሕር ዳር ደርሼ እመለሳለሁ? ደባርቅስ? መተማስ? አዲስ አበባስ?

ባለ 39 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ መኪና ይዘን እንቁጠር። ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ 27 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። ሳትሞሉ ትደርሳላችሁ፣ 30 በመቶ ያህል ይተርፋችኋል። በዚያው ቀን መመለስ ግን አይሆንም። ተራ ሶኬት ላይ የወጣውን ለመተካት 14 ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ዘመድ ቤት ወይም ሆቴል የሚያድር ሰው ይሄዳል፤ ጉዳዩን ጨርሶ ማታ ቤቱ መግባት የሚፈልግ ሰው በአውቶቡስ ይሂድ። ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት ደውላችሁ “ግቢ ውስጥ ሶኬት አለ? የመሬት ሽቦ አለው?” በሉ። ሁለተኛውን ጥያቄ አትርሱ።

ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ከእኛ ወደ 750 ሜትር ከፍ ትላለች። ለመሄድ 19 ያህል፣ ለመመለስ 12 ያህል ኪሎዋት ሰዓት ብትቆጥሩ ደርሶ መልሱ ይሆናል። በ30 ኪሎዋት ሰዓቱ ባትሪ ግን ደባርቅ ላይ ሳይሞሉ አይበቃም። ስትሄዱ መቁጠሪያው በፍጥነት ሲወርድ አትደንግጡ፤ ዳባትን፣ አምባ ጊዮርጊስን አልፋችሁ ስትመለሱ ይክሳችኋል።

መተማ ደግሞ ያታልላል። 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አካሄዱ ቁልቁል ነው። ከ2,100 ሜትር ወደ 700 ሜትር አካባቢ ትወርዳላችሁ። “ኧረ ምንም አልበላም!” ትላላችሁ። መልሱ ላይ ያንን ሁሉ ከፍታ መውጣት አለ። 200 ኪሎ ሜትሩ 30፣ ዳገቱ 7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ በዚያ ላይ በቆላው ሙቀት ኤሲ። ከሙሉ ባትሪ በላይ ሆነ። መተማ ላይ ሙሉ በሙሉ ሳይሞሉ መነሣት የለም፤ ሞልቶም መንገድ ላይ መጨመሪያ ቦታ ማሰብ ነው። በዚህ መስመር የሚመላለስ ነጋዴ ኤሌክትሪክ ልግዛ ቢለኝ አይሆንም ነው የምለው።

አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መሀል ላይ የዓባይ በረሃ አለ። ለሠርግ የሚደረግ ጉዞ ሳይሆን የዘመቻ ዝግጅት ነው። መኪናውን ሲገዙ ከአዲስ አበባ በጭነት ነው ብዙ ሰው የሚያስመጣው። አንድ ነገር ደግሞ አለ። መንገድ ተዘግቶ ተመለሱ ስትባሉ ባለ ቤንዚኑ ከሆነ ቦታ አምስት ሊትር ገዝቶ ይመለሳል። እናንተ የተጓዛችሁበትን ሁሉ የምትመለሱበት ቻርጅ መያዝ አለባችሁ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳትጠይቁ መውጣት ለእናንተ እጥፍ ያስከፍላል።

ባትሪው ስንት ዓመት ይቆያል? ካለቀ መኪናው ተጣለ ማለት ነው?

እንደ ስልክ ባትሪ በሁለት ዓመት የሚሞት አይደለም። በአማካይ በዓመት 2 በመቶ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። ባትሪ የሚገድለው ሙቀት፣ ሁልጊዜ በፈጣን ቻርጀር መሙላትና ባዶ ሆኖ ለብዙ ጊዜ መቆም ነው። የጎንደር አየር ለባትሪ የተመረጠ ነው ማለት ይቻላል፤ አይሞቀው፣ አይበርደው።

ሁለት ዓይነት ባትሪ በብዛት ይመጣል። ኤልኤፍፒ የሚባለው እስከ 100 ቢሞላ አይከፋውም፤ ለእሳትም የሚያሰጋው ያነሰ ነው። ኒኬል ያለበት ደግሞ ለዕለት ተዕለት 80 ላይ ቢቆም ይመረጣል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ አትግዙ። ያገለገለ ከሆነ በኮምፒውተር የባትሪውን ጤና አስነብቡ፤ የተነዳው ኪሎ ሜትር ብቻ አይነግራችሁም። አምራቾች ለባትሪ ብዙውን ጊዜ የ8 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ። በግለሰብ አስመጪ የመጣ መኪና ግን ያ ዋስትና እዚህ ላይሠራ ይችላል። ወረቀቱ ላይ ማን እንደሚያስተናግዳችሁ በስም ይጻፍ።

ከቻይና የመጣ መኪና ስገዛ ምን ልይ?

የቻርጅ ማስገቢያውን እዩ። ለቻይና ገበያ የተሠሩት፣ የጀርመን ወይም የጃፓን ስም ቢኖራቸውም፣ ጂቢ/ቲ የሚባለው ማስገቢያ አላቸው። ለአውሮፓ የተሠሩት ሲሲኤስ 2 ነው። አንዱ የሌላውን ቻርጀር አይቀበልም። ጎረቤታችሁ ያለውን ዓይነት ብትይዙ አንድ ቀን ትዋዋሳላችሁ። ከዚያ ስክሪኑን እዩ፤ ቻይንኛ ብቻ የሚናገር ከሆነ ማስጠንቀቂያው ሲበራ አስተርጓሚ ልትፈልጉ ነው።

የምን መኪና እንደገዛችሁም ለሰው ስትናገሩ አብራሩ። አንድ ወዳጄ “ዶልፊን ገዛሁ” ብሎ መንደሩ ሁሉ ታክሲ ሥራ ሊጀምር ነው ብሎ መረቀው። ሰው ዶልፊን የሚያውቀው ሚኒባሱን ነው፤ እሱ የገዛው ትንሿን ቢዋይዲ ነው።

የቤንዚን መኪና ተከልክሏል ይባላል። ያለኝን ልሽጠው?

የተከለከለው ማስገባቱ ነው። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መወሰኑን በጥር 2016 አካባቢ አሳወቀ። በሊብሬ የተያዘ፣ ቦሎ የሚለጥፍ መኪና እንደ ድሮው ይነዳል፣ ይሸጣል፣ ይለወጣል። ለኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ቀረጡ ዝቅ ተደርጓል፤ ተገጣጥሞ ለሚገባ 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚገባ 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ ለሚገባ ዜሮ።

አዲስ ስለማይገባ ደህና የቤንዚን መኪና ዋጋው ቶሎ አይወድቅም። ኤሌክትሪኩ ግን በየዓመቱ የተሻለና ርካሽ ሞዴል እየመጣበት ነው፤ የዛሬ ሦስት ዓመት ስትሸጡት ገዢው አዲሱን እያየ ነው የሚከራከራችሁ። ይህን ኪሳራ ሰው ሒሳብ ውስጥ አያስገባውም።

ለሥራ፣ ለታክሲ ወይም ለባጃጅ፣ ያዋጣል?

በቀን 100 ኪሎ ሜትር የሚሽከረከር ሰው ከማንም በላይ የሚጠቀመው እሱ ነው። ሌሊት ሞልቶ ቀን ከሠራ፣ ማደያ ሰልፍ ላይ የሚያጠፋውን ሰዓት ጭምር ነው የሚያተርፈው። ለኤሌክትሪክ ባጃጅ ግን ባትሪውን እዩ። የሊድ አሲድ ባትሪ ያላቸው ርካሽ ይመስላሉ፤ በየቀኑ እስከ ታች ሲወርዱ ዕድሜያቸው ያጥራል። ዳገት ላይ ሦስት ሰው ጭናችሁ ሳትሞክሩ አትክፈሉ።

ተጨማሪ የከፈልኩት ብር በስንት ዓመት ይመለሳል?

በላይኛው ስሌት በኪሎ ሜትር 7 ብር ከ38 ሳንቲም ትቆጥባላችሁ። ኤሌክትሪኩን ለመግዛት ከያዛችሁት መኪና ዋጋ ላይ 1 ሚሊዮን ብር ጨመራችሁ እንበል። በዓመት 300 ቀን፣ በቀን 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 9,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። 66,420 ብር ይቆጥባል። 15 ዓመት! በቀን 100 የሚነዳው ግን 221,400 ብር ይቆጥባል፤ በአራት ዓመት ተኩል ገደማ ተመለሰለት።

ጎንደር ሰፊ ከተማ አይደለችም። ብዙዎቻችን ከማራኪ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ቀበሌ 18 ነው ውሎአችን። ደህና የምትሄድ ቪትዝ ይዞ በነዳጅ ቁጠባ ብቻ ብሎ የሚለውጥ ሰው ተሳስቷል፤ እኔም የለወጥኩት ለቁጠባው አልነበረም። ሁለት ቀን ሙሉ ማደያ ተሰልፌ ባዶዬን ስመለስ ነው የቆረጥኩት። መኪና ከሌለው ተነሥቶ ለሚገዛ ሰው ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። የሁለቱን ዛሬ ያለ የገበያ ዋጋ ጎን ለጎን አድርጎ ልዩነቱን በ7 ብር ከ38 ያካፍለው፤ የሚመጣው ቁጥር ብሩ እስኪመለስ የሚነዳው ኪሎ ሜትር ነው።

እንግዳ መጥቶ እቤቴ መኪናውን ቢሞላ ሒሳብ ልቀበል?

የመጨረሻውና የከበደው ይህ ነው። 39 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ከባዶ እስከ ሙሉ ቢሞላ ቆጣሪያችሁ ላይ ወደ 44 ይቆጥራል፤ 264 ብር ነው። ከባሕር ዳር የመጣ ዘመድ ይህን ከፍሎ ይሂድ የሚል ጎንደሬ አላየሁም። ቡና አፍልቶ ሒሳብ እንደመጠየቅ ነው።

በየሳምንቱ “ዛሬ ብቻ” እያለ የሚመጣው ጎረቤት ግን አለ። እኔ ቆጣሪዬ በካርድ ነው የሚሞላው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ “ወንድሜ፣ ካርዱ ሊያልቅ ነው፤ ስትመጣ ሞልተኸው ና” ብዬ ካርዱን ሰጠሁት። የ500 ብር ሞልቶ መለሰልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ፀብ እየተፈራረቅን እንሞላለን።